የፊት መስታወት ካስቀየርኩ በኋላ ካሜራው ጠፋ፤ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካሊብሬት የሚያደርግ ታውቃላችሁ?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። መኪናዬ ቻይና የተሠራ ቮልስዋገን አይዲ 4 ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ስወርድ ከፊቴ የነበረ ገልባጭ ጠጠር አስፈነጠረብኝ። መጀመሪያ ትንሽ ነቁጥ ነበረች። የደሴ ብርድ ሲመታት ግን ተሰንጥቃ እስከ መስታወቱ መሃል ደረሰች። መስታወት ከአዲስ አበባ አስልኬ እዚሁ ደሴ አስገጠምኩ። ሥራው ንጹሕ ነው። ውሃ አያስገባም፣ የነፋስ ድምፅም የለውም።

አሁን ግን ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ ምልክት በርቷል። ጽሑፉ ቻይንኛ ስለሆነ በስልክ አስተረጎምኩት፤ የፊት ካሜራው አይሠራም ነው የሚለው። መኪናው ከመስመሩ እንዳይወጣ መሪውን የሚያግዘው መስመር ጠባቂ ጠፍቷል። ከፊት ካለው መኪና ርቀት እየጠበቀ የሚሄደው ክሩዝም አይበራም። ገጣሚው "ስትነዳው ራሱ ይለምዳል፣ አብሽር" አለኝ። ሌላ ጋራዥ ያለ ልጅ ደግሞ "ካሜራው ተቃጥሏል፣ አዲስ እዘዝ" ይላል። የማንን ልመን? አዲስ አበባ ድረስ ልውሰደው?

የሐረጎ ሾፌር፦
ልጄ፣ እኛ ሐረጎን በኤንትሬ ስንወርድ ካሜራችን ዓይናችን ነበር። መስታወቱ ውሃ ካላስገባ ሥራው አልቋል። ቢጫዋን መብራት በፕላስተር ሸፍናትና ንዳ።

ባለ ላፕቶፑ፦
ጋሼ፣ ቀልዱ ይሁንልን፣ ፕላስተሩ ግን ይቅር።

ጦሳ ሥር፣ ሁለቱም ልክ አልነገሩህም። እኔ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፣ የኮምፒውተር ምርመራ ላይ። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ወደ ጋራዡ የሚመጣው መኪና ሌላ ሆኗል። የዘይት ጥያቄ እየቀነሰ የካሜራ ጥያቄ እየበዛ ነው።

ካሜራህ የተቃጠለ አይመስለኝም። ያለው ከውስጥ ስፖኪዮው ጀርባ ነው፣ መስታወቱ ላይ በተጣበቀ ማቀፊያ ውስጥ። መንገዱን የሚያየው በመስታወቱ አልፎ ነው። መስታወቱ ሲቀየር ማቀፊያውም አብሮ ይቀየራል። አዲሱ ማቀፊያ በጥቂቱ ቢዛባ፣ የማጣበቂያው ውፍረት ቢለያይ፣ ካሜራው የሚያይበት ማዕዘን ይለወጣል። ስለዚህ "ቀጥታ ማለት በዚህ በኩል ነው" ተብሎ እንደገና ሊነገረው ይገባል። ካሊብሬሽን ይኼው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የሚሠራበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው መኪናው ቆሞ ነው። ፊት ለፊቱ አምራቹ ባዘዘው ርቀትና ከፍታ ምልክት ያለበት ሰሌዳ ይተከላል፤ ካሜራው ሰሌዳውን እንዲያነብ በማሽን ይታዘዛል። ሁለተኛው እየተነዳ ነው። ማሽኑ እንደተሰካ፣ የመሬት መስመሩ ጎልቶ በሚታይ መንገድ ላይ በታዘዘው ፍጥነት ትነዳዋለህ። አንዳንዱ መኪና አንዱን ብቻ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም። ያንተ ሰሌዳ ይፈልጋል። በመንዳት ብቻ "ይለምዳል" የተባልከውን እርሳው።

ከሁሉ በፊት ግን የስህተት ኮዱን አስነብብ። "አልተስተካከልኩም" የሚል ኮድና "ተበላሽቻለሁ" የሚል ኮድ ለየብቻ ናቸው። ኮድ ሳያነብ ካሜራ ግዛ ለሚል ሰው ብር አታውጣ።

የኩታበሯ፦
እኔስ ተቃራኒው ነው የገጠመኝ። የኔ መኪና ሌላ ነው፣ እሱም የቻይና ኤሌክትሪክ። ክረምት ላይ መስታወት አስቀየርኩ፤ አንድም መብራት አልበራም። ገጣሚውም "አየሽ፣ ያንቺ ምንም አይፈልግም" አለኝ። ግን ከዚያ ወዲህ መስመር ጠባቂው ወደ ቀኝ ዳር ይገፋኛል። መሪውን ታግዬ ነው የምመልሰው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ደግሞ ዳር ላይ የቆመ ባጃጅ ሲያይ ፊቴ የገባ ይመስል ድንገት ፍሬን ይይዛል። ከኋላዬ ያለው ሰው ስንቴ ሰደበኝ መሰላችሁ። መብራት ካልበራ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም እንዴ?

ባለ ላፕቶፑ፦
አይደለም እህቴ። እንዲያውም ያንቺው ይብሳል። የሱ መኪና "አላየሁም" ብሎ አርፎ ተቀምጧል። ያንቺው ግን መነካቱን አላወቀም፤ በድሮው ልክ እያሰበ በአዲሱ ማዕዘን ያያል። ሚዛኑ የተዛባበት ነጋዴ ጋ ሂጂና አስመዝኝ፤ ሚዛኑ ቁጥር ከመስጠት አይቦዝንም፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው እንጂ። ካሊብሬት እስኪደረግ ድረስ መስመር ጠባቂውን ከሜኑው አጥፊው። መኪናው በራሱ የሚይዘውን ድንገተኛ ፍሬንም አጥፊው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ብዙ መኪኖች ላይ ድንገተኛ ፍሬን መኪናው ጠፍቶ ሲነሣ ራሱ ተመልሶ ይበራል። በተነሣሽ ቁጥር ማየት ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ እስቲ ቁጥሩን እኔ ላምጣው።

ካሜራው ወደ ጎን 1 ዲግሪ ብቻ ቢዞር፣ 50 ሜትር ርቆ ያለውን ነገር 87 ሳንቲሜትር ያህል ከቦታው አንሸራቶ ያየዋል። 100 ሜትር ላይ ስህተቱ 1 ሜትር ከ75 ይሆናል። የአንድ መስመር ስፋት ብዙውን ጊዜ 3 ሜትር ተኩል ግድም ነው፤ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። የኩታበሯን ባጃጅ ከዳር አንሥቶ መሃል መንገድ ያስቀመጠባት ይኼ ሊሆን ይችላል።

ወደ ላይና ወደ ታች ሲዛባ ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። ካሜራው ከመሬት 1.4 ሜትር ከፍ ብሏል እንበል። መንገዱም ሜዳ ነው። 50 ሜትር ላይ ያለ መኪና ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ከአድማስ በታች 1.6 ዲግሪ ላይ ይታያል። በዚያ ማዕዘን ብቻ ርቀት ቢሰላና 1 ዲግሪ ስህተት ቢገባ፣ 50 ሜትሩ በአንድ ወገን 31 ሜትር፣ በሌላው ወገን 133 ሜትር ይሆናል። አንዱ ያለ ጊዜው ያስደነግጥሃል፣ ሌላው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው የሚነቃው።

እርግጥ መኪናው በዚህ ብቻ አይተማመንም። የፊተኛውን መኪና ስፋት ያያል፤ ራዳር ያለው ከራዳሩ ጋር ያመሳክራል። ቢሆንም 1 ዲግሪ በዓይን አይታይም። "አየሁት፣ ቀጥ ብሏል" የሚል ገጣሚ ካለ የ1 ዲግሪ ልዩነት በምን አየው በሉት።

የሐረጎ ሾፌር፦
መምህርት፣ እጅ ነሥቻለሁ። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። መስመር ጠባቂ ትላላችሁ፣ መስመሩ የታለ? ብዙ ቦታ ቀለሙ ተልጦ አልቋል። ቦሩ ሜዳ ላይ ጉም ሲወርድ እንኳን የመሬት ቀለም የኮፈኑ ጫፍም አይታይም። ከሐርቡ ወዲያ ደግሞ ግመልና ፍየል መንገዱ የኔ ነው ይላሉ። ይኼ ካሜራ የተሠራው ለኛ መንገድ አይደለም። ታዲያ ይኼ ሁሉ ድካም ምን ይሠራል?

ባለ ላፕቶፑ፦
ግማሹ እውነት ነው ጋሼ። መስመር ጠባቂው ቀለም ካላየ ይተኛል፤ ከሐረጎ መታጠፊያዎች ጋርም አይስማማም። እኔ ራሴ ሐረጎ ላይ አጠፋዋለሁ። ጉም ውስጥ "ካሜራው ተጋርዷል" የሚል መልእክት ቢመጣም ብልሽት አይደለም፤ ሲገልጥ ይጠፋል።

ድንገተኛ ፍሬኑ ግን የመሬት ቀለም አይፈልግም። የሚፈልገው መኪና፣ ሰው፣ ብስክሌት ነው። ለግመል ዋስትና አልሰጥም። ማታ ላይ ተበላሽቶ መንገድ ላይ የቆመ ተሳቢ ሲያጋጥም ግን ቀድሞ የሚይዝባት ግማሽ ሰከንድ ልትጠቅም ትችላለች።

ካሊብሬት ማድረግ አልፈልግም የሚል ሰው ሁሉንም አጥፍቶ በዓይኑ ይንዳ፣ መብቱ ነው። በርቶ የተዛባውን ይዞ መንዳት ግን አይሆንም።

ሜሪላንድ ወሎዬ፦
ከዚህ ከአሜሪካ ሰላም ብያለሁ፣ የደሴ ልጅ ነኝ። እዚህ መስታወት ስትቀይር ካሊብሬሽኑ ደረሰኙ ላይ ራሱን ችሎ ይጻፋል። አንዳንዴ ከመስታወቱ ራሱ ይወደዳል፣ ሰው የሚጮኸው በሱ ነው። ቴስላ ያላቸው ጓደኞቼ ግን ሰሌዳ አያውቁም። የነሱ ካሜራ መስመሩ በሚታይ መንገድ ላይ ሲነዳ ራሱን ያስተካክላል፤ ብዙ ጊዜ ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። "ራሱ ይለምዳል" የሚባለው ወሬ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ለአንዱ መኪና የሚሠራውን ለሁሉም አደረጉት።

አንድ ምክር ብቻ ልጨምር። ሠሪውን ከሥራው በፊት የተነበበውን ኮድና ከሥራው በኋላ የተነበበውን አትምልኝ ወይም በስልክ ላክልኝ በለው። ሰሌዳ ሳይተክል ኮዱን አጥፍቶ "ጨርሻለሁ" የሚል ሰው እዚህም አለ። ኮድ ማጥፋትና ማስተካከል ለየቅል ናቸው።

ጥቁሩ ጠርዝ፦
አዲስ አበባ መስታወት እገጥማለሁ፣ ትውልዴ ወልዲያ ነው። ሁላችሁም ስለ ማሽን ታወራላችሁ፤ ስለ መስታወቱ ማንም አልጠየቀም። ጦሳ ሥር፣ የገዛኸው መስታወት ባለ ካሜራ ነው?

የአንድ ሞዴል መስታወት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ካሜራ የሌለው አለ፣ ያለው አለ። የዝናብ ሴንሰር ያለው አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ፍጥነት መስታወቱ ላይ የሚያበራ መኪና ካለህ ደግሞ መስታወቱ መሃል ያለው ፕላስቲክ ውፍረቱ ከላይ ወደ ታች እየሳሳ የሚሄድ ነው። ተራውን ከገጠምክ ቁጥሩ ድርብ ሆኖ ይታይሃል። ሱማሌ ተራ ሄደህ "የአይዲ 4 መስታወት" ብትል ያለውን ነው የሚሰጡህ። የሻሲ ቁጥሩን ይዘህ ሂድ፤ አሮጌውን ከመጣልህ በፊት ጥጉ ላይ ያሉትን ምልክቶች ፎቶ አንሣ።

ካሜራው ፊት ያለችው ንጹሕ መስኮት እዚያ ጥቁር ነጠብጣብ ውስጥ ናት። በርካሽ መስታወት ላይ እዚያ ቦታ ምስሉ ሲወዛወዝ አይቻለሁ። መስታወቱ ከመገጠሙ በፊት አንገትህን እያንቀሳቀስክ በሷ በኩል ቀጥ ያለ ነገር እይ፤ የበር ጠርዝ ይሁን ምሰሶ። ከተጣመመ ካሜራውም እንደዚያው ነው የሚያየው። ምንም ማሽን አያድነውም።

ማጣበቂያው ደግሞ ሲሊኮን መሆን የለበትም። ፖሊዩሪታን ነው የሚባለው፣ የመኪና መስታወት ብቻ የሚጣበቅበት። መስታወቱ ጌጥ አይደለም። መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያውን ይደግፋል። የተሳፋሪው ኤርባግ ሲፈነዳም በብዙ መኪና ላይ የሚደገፈው እሱን ነው። ማጣበቂያው ሳይደርቅ አትነሣ። ደሴ ብርድ ነው፤ ብርድ ላይ ማጣበቂያው ይዘገያል፣ ደረቅ አየርም ያዘገየዋል። ቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት አንብብ፣ ከዚያም ጨምርበት። ካሊብሬሽን የሚሠራውም ከደረቀ በኋላ ነው። ዛሬ አስተካክለኸው ነገ መስታወቱ በትንሹ ቢቀመጥ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ጦሳ ሥር፦
ጥቁሩ ጠርዝ እግዜር ይስጥልኝ። አየሁት፤ ማቀፊያውም አለው፣ የሴንሰሩም ቦታ አለ።  ኮዱንም አስነበብኩ። "መሠረታዊ ማስተካከያ አልተደረገም" የሚል ነው። ካሜራው ደኅና ነው! አዲስ ካሜራ ሊያስገዛኝ የነበረውን ልጅ ምን ልበለው?

አሁን ጥያቄው ቦታው ነው። ባለ ላፕቶፑ ደሴ መጥቶ ሊሠራልኝ ፈቃደኛ ነው፣ ሰሌዳውም አለው። ግን ደሴ ላይ ሜዳ የታለ?

ባለ ላፕቶፑ፦
እኔን የሚያስቸግረኝ እሱ ነው፣ ማሽኑ አይደለም። ኦቴልም ይሁን ላውንች፣ ማሽን ብር ካለ ይገዛል። ወለል ግን አይገዛም። ብዙ ጋራዥ "ካሊብሬት እናደርጋለን" ብሎ ይለጥፋል። ገብታችሁ ወለሉን እዩ፤ ውሃ ብታፈሱበት ወደ አንድ ጥግ ይሮጣል። እንዲያውም ለውሃ መውረጃ ሆን ተብሎ አዝምሞ የተሠራ ነው። መኪናው በአፍንጫው ጎንበስ ብሎ፣ ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ መምህርት ያሰላችውን ስህተት ራሳችን አስተምረነው ሰደድነው ማለት ነው። ማሽኑ "ተሳክቷል" ይላል። ማሽኑ ወለሉን አያይም።

ደሴ ጦሳና አዝዋ መሃል ያለች ከተማ ናት። አስፋልቱ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ጎማ አላይመንት የሚሠሩ ቤቶች የተስተካከለ ማንሻ አላቸው፤ ከፊት ለፊቱ ሰሌዳ ለመትከልና ለመለካት የሚበቃ ባዶ ቦታ ግን የላቸውም።

የኩታበሯ፦
የሰርግ አዳራሽስ? ሊሾው ሜዳ ነው፣ ሰፊ ነው፣ በሩም መኪና ያስገባል። በጾም ወቅት ባዶውን ነው የሚውለው።

የሐረጎ ሾፌር፦
ሃሃሃ! መኪናው ሙሽራ ሆኖ ይግባ! ወሎ ላይ ይኼ ቀረ።

ባለ ላፕቶፑ፦
ሳቅ ነው፣ ግን መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ችግሩ የአዳራሽ ጌጥ ነው፤ መስታወትና የሚያብረቀርቅ መጋረጃ ካሜራውን ያወናብዳል። ከሰሌዳው ኋላ ያለው ግድግዳ ሙልጭ ያለ ቢሆን ይሻላል።

እኔ ኮምቦልቻ አንድ የእህል መጋዘን አግኝቻለሁ። ወለሉን በግንበኞች ዘዴ ለካሁት። ውሃ የሞላ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ቱቦ ወስጄ አራቱ ጎማ የሚቆምበትንና ሰሌዳው የሚተከልበትን አመሳከርኩ። ሁለቱ ጫፍ ላይ ውሃው እኩል ከቆመ ወለሉ እኩል ነው። ጨረር የሚለቀው ሌዘርም ያው ነው፣ ዋጋው ነው ልዩነቱ።

ጦሳ ሥር፣ ስትመጣ የጎማህን ንፋስ በር ላይ ባለው ጽሑፍ መሠረት አስሞላ። የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለውን ሁሉ አውርድ። መስታወቱን ከውጭም ከውስጥም አጽዳ። መሪህን ቀጥ አድርገህ ስትይዝ ወደ ጎን የሚጎትት ከሆነ መጀመሪያ አላይመንት ትሠራለህ፤ ሰሌዳው የሚተከለው መኪናው በሚሄድበት አቅጣጫ ልክ ስለሆነ አላይመንቱ ካልተስተካከለ የኔ ሥራ ዋጋ የለውም። ባትሪህንም ሞልተህ ና። ትልቁን ማለቴ አይደለም፣ ትንሿ 12 ቮልት እንድትደክም አልፈልግም፤ ሥራው መሃል ቮልቴጅ ከወረደ ማሽኑ ይቋረጣል። እኔም ቻርጀር እሰካበታለሁ።

ከአዲሶቹ ቮልስዋገኖች ጋር ሌላ ጣጣም አለ። አንዳንድ ነገር ለመንካት በኢንተርኔት የመክፈቻ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ኔትወርክ ከጠፋ መጋዘን ውስጥ ቡና አፍልተን እንጠብቃለን።

ጦሳ ሥር፦
በሐረጎ በኩል ስወርድ ክሩዙ የለኝም። ፍሬኑን ብቻዬን ነው የምይዘው። የሚያሰጋ ነገር አለ?

የሐረጎ ሾፌር፦
ይኼንን ለኔ ተወው። በማርሽ ነው የሚወረደው፣ በፍሬን ብቻ አይወረድም። ፍሬን ከጋለ አለቀልህ። ኤሌክትሪኩ ግን ማርሽ የለውም አሉ፣ በምን ይይዛል?

ሐይቅ ዳር፦
በሞተሩ ራሱ ይይዛል ጋሼ። ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱ 600 ሜትር ገደማ ነው። 2.1 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ 3.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይለቃል። ሁሉም ወደ ባትሪ አይመለስም፣ የተወሰነው በነፋስና በጎማ ይሄዳል። የቀረው ግን ፍሬን ሊያግል የነበረ ጉልበት ነው።

ጦሳ ሥር፣ የማርሽ መምረጫውን «ቢ» (B) ላይ አድርገው። ዲ ላይ አንዳንድ ሞዴሎች የሚይዙት የፊቱን ሁኔታ አይተው ነው፤ ቢ ግን እግርህን ስታነሣ ሁሌም ይይዛል። ባትሪህን ደሴ ላይ 100 ሞልተህ አትውረድ። የሞላ ባትሪ የሚመጣውን አይቀበልም፣ መያዙም ይደክማል። 80 ላይ ብትነሣ ጥሩ ነው።

ጦሳ ሥር፦
ተሠራ! አልሐምዱሊላህ።

መጀመሪያ አልተሳካም ነበር። ማሽኑ "ሰሌዳው አልታየም" ይላል። ባለ ላፕቶፑ ልኬቱን ደጋግሞ አየ፣ ልክ ነው። በኋላ የመጋዘኑ በር ክፍት ስለነበር የከሰዓት ፀሐይ ሰሌዳው ላይ ወድቆ ግማሹን አንጸባርቆት ተገኘ። በሩን ዘጋነው፣ መብራት አበራን፣ ወዲያው አነበበው። ሰሌዳው በቆመበት ያለቀው ሥራ ራሱ ብዙም አይፈጅም። ጊዜ የበላው መለካቱ ነው። ገመድና ቱንቢ ይዞ የመኪናውን መሃል ከፊት አርማና ከኋላ አርማ ሲያወጣ ላየው ሰው ቤት የሚሠራ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ወደ ከሚሴ ነዳሁት፣ ጨፋ ሜዳው ላይ። ቀለሙ ባለበት መስመሩን ያሳያል፣ መሃል ላይ ይይዛል። ቀለሙ በሌለበት ምልክቱ ደብዝዞ ይተኛል። ክሩዙ ከፊቴ ካለው አይሱዙ ርቀቱን ጠብቆ ሄደ፣ ሲቆም ቆመ። ከሥራው በፊትና በኋላ የተነበበውን ኮድም ተቀብያለሁ። ወረቀቱ ሊብሬው ጋ ተቀምጧል።

ለአንድ ሰሌዳ ብዬ ጣርማበርን አቋርጬ 400 ኪሎ ሜትር ልሄድ ነበር።

የኩታበሯ፦
ዋጋውስ?

ጦሳ ሥር፦
እሱን ከባለ ላፕቶፑ ተነጋገሪ፣ እንደ መኪናው ይለያያል። በውስጥ መስመር ጻፊለት።

ባለ ላፕቶፑ፦
የኩታበሯ፣ ያንቺ ሞዴል ሰሌዳ ስለሌለኝ አልዋሽሽም። ለእያንዳንዱ አምራች የሰሌዳው ሥዕል ይለያል። የሌላ መኪና ሰሌዳ ተክሎ "ይሠራል" የሚል ካገኘሽ ሽሽው። አዲስ አበባ ካለ ባልደረባዬ ላስመጣልሽ እሞክራለሁ። እስከዚያ ያልኩሽን አጥፍተሽ ንጂ። ኮድሽን ግን ነገ መጥተሽ አስነብቢ፤ ምናልባት የማቀፊያው ክሊፕ በደንብ ሳይገባ ቀርቶ ካሜራው ተንጠልጥሎ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው።

የሐረጎ ሾፌር፦
እንግዲህ ልጄም ኤሌክትሪክ ሊገዛ ነው። ፓራውልቱ ተገጭቶ ቢቀየርስ፣ ያኔም ሰሌዳ ይተከላል?

ባለ ላፕቶፑ፦
ፓራውልት በመቀየር ብቻ የመስታወቱ ካሜራ ጉዳይ ብዙ ጊዜ አይነሣም ጋሼ። ራዳር ግን ብዙ ጊዜ ከፊት ፓራውልቱ ውስጥ ወይም ከአርማው ኋላ ነው የሚቀመጠው። እሱ ከተነካ የራሱ ካሊብሬሽን አለው፣ ዕቃውም ሌላ ነው። ለልጅዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ ያገለገለ ሲገዛ መስታወቱ ተቀይሮ እንደሆነ ይጠይቅ። የመስታወቱ ጥግ ላይ ያለው አርማ ከጎኖቹ መስታወት አርማ ጋር ካልተመሳሰለ ተቀይሯል ማለት ሊሆን ይችላል።

ባቲ ሰኞ፦
ዘግይቼ መጣሁ። ባቲ ሙቀቱ ስለማይቻል የፊት መስታወቴ ላይ ፀሐይ መከላከያ ፊልም ላስለጥፍ ነበር። ካሜራ አለው። ችግር አለ?

ጥቁሩ ጠርዝ፦
ከላይ እስከ ታች አታስለጥፍ። የካሜራዋንና የዝናብ ሴንሰሯን መስኮት ቆርጦ የሚተውልህ ሰው ፈልግ። ሲለጥፉ ብዙ ውሃ ይረጫሉ፤ ካሜራው ላይ እንዳይፈስ ይሸፍኑት። ካሜራውን እንፍታው ካሉህ እምቢ በል። ፈትተው ከመለሱት ባለ ላፕቶፑ ጋ መሄድህ ነው።

ባቲ ሰኞ፦
ገባኝ። ታዲያ ኮምቦልቻ ቆርጦ የሚለጥፍ ታውቃላችሁ?